«ይቀራል» ብዬ የጻፍኩት ግድግዳ

ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ እዚሁ ከተማ አሉ፤ አንደኛዋ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፣ እሷ ምንም አልበደለችኝም። አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ አንቱ ብዬዋለሁ፣ ሲገባም ከወንበሬ ተነስቼለታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» እለዋለሁ። ይህችን ያህል ለራሴ ፈቅጃለሁ።

ከሐረር ግንብ በታች፣ ከወንዙ ዳር ያሉትን ካፌዎችና ሱቆች የምታውቁ ሰዎች ታሪኩን የሰማችሁት በእሱ ወገን ነው። «ኢንጂነሩ ያንን የድንጋይ ግድግዳ አይነካም ብለው ተሟግተው አተረፉት» ይባላል። አስጎብኚዎቹም እንግዳ ይዘው ሲመጡ ይህንኑ ይናገራሉ። አንድ ቀን ጭማቂ ይዤ ከጀርባቸው ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ። አላቋረጥኳቸውም። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ የሚቀጣኝ አለቃ የለኝም፤ የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጊዜው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። እኔ አርባ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። የከተማውን ግንባታ በሚከታተል ቢሮ ውስጥ ድራፍትስማን ነበርኩ፤ ለሴትም ለወንድም መጠሪያው ያው ነው። መሐንዲሱ በእርሳስ የሞነጫጨረውን ትሬሲንግ በሚባል ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ በቀለም አስተካክዬ እስላለሁ፣ ልኬቱንና ማብራሪያውን እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ያምራል። የምናገረው ለኩራት አይደለም፤ ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው። በዚያ ቢሮ ፕላን ላይ አንድ ቃል ከታየ የማን እጅ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም ነበር።

ወንዙን ወንዝ እንለዋለን እንጂ በበጋ ድንጋይ ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከላይ ከከተማው የሚወርደው ውሃ ሞልቶ ይጮሃል። ከዳሩ ሦስት መጋዘኖች ነበሩ፤ ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ። በመጀመሪያ የአንድ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ኋላ ደርግ ወረሳቸው፤ ኋላ ደግሞ የሚፈልጋቸው ጠፋ። የሌሊት ወፍና የተበላሸ ሚዛን ብቻ ቀረባቸው። እሱ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የክፍላችን ኃላፊ ሲሆን፣ መጋዘኖቹን አድሶ ሱቅ፣ ካፌና የእጅ ሥራ መሸጫ ለማድረግ አሰበ። ሰው ከሥራ ሲወጣ ውሃው ዳር አረፍ የሚልበት ሰፈር ይሁን አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ የራሱም ሐሳብ ነበር። ይህን አልነፍገውም።

እኔ ትልቁን መጋዘን ከፕላኑ በፊት አውቀዋለሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ እዚያ ቡና እየለቀመች ነው ያሳደገችኝ። ሴቶቹ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ጥጉ ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ከእናቴ አጠገብ የሚለቅሙት ሴት ዘይነብ ይባላሉ። ሰፈሩ አይ ዘይነብ ይላቸዋል፤ አይ በሐረሪ እናት ማለት ነው። ባላቸው የመጋዘኑ ዘበኛ ነበሩ፤ የሚኖሩትም ከመጋዘኑ በስተኋላ፣ በወንዙ በኩል በተለጠፈች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መጋዘኑ ተዘጋ፣ ባል ሞቱ፤ አይ ዘይነብ ግን እዚያው ናቸው። ክፍሏ የራሷ ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው ያላት። አራተኛው የመጋዘኑ ግድግዳ ነው፤ የጣሪያዋ እንጨቶች የተሰኩት እሱ ውስጥ ነው። ያ ግድግዳ ከወረደ ክፍሏም ትወርዳለች፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ይህ በስብሰባ ተነስቶ ነበር። የአስተዳደሩ ሰዎች ፕላኑን ያጸደቁት በቦታው የሚኖር ሰው እንዳይነሳ ብለው በቃለ ጉባኤ አስፍረው ነው። እሱ አልተቃወመም። ግን እሱ የሚፈልገው የወንዙ በኩል ከዳር እስከ ዳር ተከፍቶ በረንዳ እንዲሆን ነበር። በቀለም የሳለው ትልቅ ሥዕል ነበረው፤ ግድግዳ የለበትም፤ ክብ ጠረጴዛዎች አሉ፣ ጥላ አለ፣ ረጃጅም ሴቶች ባርኔጣ አድርገው ተቀምጠዋል። ሐረር ውስጥ እንደዚያ ያሉ ሴቶች አይቼ አላውቅም። ስብሰባው ካለቀ በኋላም ያንን ሥዕል ከቦርዱ ላይ አላወረደውም፤ ግልባጩንም ሥራው ቦታ ሰቀለው።

እኔ ፕላኑን ስስል በዚያ ግድግዳ ላይ፣ በሚያምር ጽሕፈቴ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ነባር ግድግዳ፤ እንዳለ ይቀራል።»

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሥራ ተቋራጩ የሚሰጠውን ቅጂ ለማተም ትሬሲንጉን ከመሳቢያ አወጣሁት። ማተሚያው ላይ ሳነጥፈው ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ሻከረው። ትሬሲንግ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ቀለም የሚፋቀው በምላጭ ነው፤ የተፋቀው ቦታ በጥፍር ቢለሰልሱትም ለጣት አይጠፋም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። «እንዳለ» የለችም። «ነባር ግድግዳ፤ ይቀራል» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴም መናገር አለብኝ። ዝም አልኩ። በእኛ ቢሮ የሚወርደው «ይፈርሳል»፣ የማይነካው «ይቀራል» ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ትርጉሙ አልተለወጠም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ ሌላ ነው። ለደረጃ እድገት ስሜ ቀርቦ ነበር፤ ወረቀቱ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አተምኩት፣ አጠፍኩት፣ ሰጠሁ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የሥራው ፎርማን አብዲ ቅጂውን ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። አብዲ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ሥራው ላይ ግን ጥንቁቅ።

«አቦ ጽጌ፣ ይቺ የበሩ ወርድ ስምንት ናት ሦስት?»

ስምንት እንደሆነች ነግሬው መነጽር እንዲገዛ መከርኩት።

«መነጽር ከገዛሁማ አንቺን አጥርቼ ላይሽ ነው፤ ይቅርብኝ» አለ። ቅጂውን እያጠፈ፣ እንደዋዛ፣ «የኋላውን ግድግዳ ከጁምዓ መልስ እናወርደዋለን። አሮጊቷን ግን ከቢሮ አንድ ሰው ያናግርልን። እኛ ስንነግራቸው ለሰላት እየታጠብኩ ነው፣ ውዱእ ላይ ነኝ ይላሉ እንጂ አይሰሙም።»

የትኛውን ግድግዳ እንደሆነ ጠየቅኩት። ወረቀቱን መልሶ ዘረጋና ወፍራም ጣቱን የእኔ ጽሕፈት ላይ አሳረፈ።

«ይኸውልሽ። ነባር ግድግዳ፣ ይቀራል። ቀርቷል ማለት አይደል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእነሱ ዘንድ ሥራው ላይ አንድ ነገር «ቀረ» ከተባለ ተሰረዘ ማለት ነው። መስኮቱ ቀርቷል፣ ደረጃው ቀርቷል ይላሉ። አንዱ ቃል ከቢሮአችን በር እስከ ወንዙ ዳር ሲደርስ ተገልብጦ ነው የሚደርሰው። ይህንን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ከእኔ ይልቅ ሥራ ቦታ ብዙ የዋለው እሱ ግን ያውቀዋል።

ይቀራል ማለት እዚያው ይቆያል ማለት እንደሆነ ለአብዲ አስረዳሁት። ፊቱን አጨማደደ። ሥዕሉ ላይ ግድግዳ እንደሌለ፣ ኢንጂነሩም ትናንት ማታ መጥተው በፕላኑ መሠረት ቀጥል እንዳሉት፣ የመጋዘኑም ቆርቆሮ በዚያ በኩል መነሳቱን ነገረኝ። «እኔ ባፍ አላቆምም። ወይ የተጻፈ አምጪ፣ ወይ ኦሪጅናሉን አሳዪኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ሰዎቼ ይመለሳሉ» ብሎ ሄደ።

እሱ ቢሮ ገባሁ። እያነበበ ነበር፤ ቀና አላለም። «እንዳለ» የምትለዋ ቃል እንደጠፋች ነገርኩት።

«ቦታ ጠቦ ነበር» አለ። «ከልኬቱ ጋር ተጋጨች፤ ፋቅኋት። ትርጉሙ ያው ነው።»

ፎርማኑ የተረዳው ሌላ መሆኑን፣ ግድግዳው ከሰዓት በኋላ ሊወርድ መሆኑን ተናገርኩ።

«እንግዲህ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ጽሕፈትሽን ደግሞ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።» ከዚያ ቀና አለና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጽጌ፣ አንዲት ቆርቆሮ ክፍል ናት። ለሴትዮዋ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል። የከተማውን ነገር ደግሞ አስቢ። እድገትሽን ዛሬ ልፈርምልሽ ነበር» አለኝ።

«ነበር» ያለውን ልብ በሉ። ሰውየው ቃል ያውቃል።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩና ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። እርሳስ ቀረጽኩ፤ የተቀረጸውን መልሼ ቀረጽኩ። ግድግዳው ቢወርድ ጥፋተኛዋ ተጽፋ አልቃለች፤ በራሷ እጅ ጽፋዋለች። ዝም ብል እድገቴን ሰጥቶ ያስቀምጠኛል፣ በሚያስፈልገው ቀን ደግሞ ያወጣኛል። አይ ዘይነብን ያሰብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የምጽፈው እንዲያምርልኝ ስላልፈለግሁ ነው።

ኦሪጅናል ፕላን ከቢሮ ማውጣት ክልክል ነው። ትሬሲንጉን ጠቅልዬ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩትና ወጣሁ።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ አንድ ፔዦ ኮንትራት ያዝኩ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ መንገዱ ነጭ በለበሱ ሰዎች ሞልቷል። ሾፌሩ ክላክስ ማድረግ ነውር ሆኖበት በሰው እርምጃ ይነዳል። ቢቸኩልልኝ ብዬ ብለምነው፣ «እህቴ፣ ወደ ሰላት የሚሄድ ሰው ላይ አይቸኮልም» አለኝ። ልክ ነበር። ወርጄ በእግሬ ቁልቁል ተንደረደርኩ። ጥቅሉ እንዳይታጠፍ በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ።

ስደርስ ሠራተኞቹ ሄደዋል። መጋዘኑ በወንዙ በኩል ጣሪያው ተነስቶ ፀሐይ ገብቶበታል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ፀሐይ ገብቶበት አይቼው አላውቅም። ዶማና መዶሻው በረድፍ ግድግዳውን ተደግፏል። ቆርቆሮው ሲነሳ ከላይ ሁለት ድርድር ድንጋይ አብሮ ወርዷል። ዞሬ ወደ ኋላ ስሄድ አይ ዘይነብ በራቸው ላይ ሰሌን ዘርግተው፣ መቁጠሪያቸውን፣ ተስቢሃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከጣሪያቸው ጥግ ላይ አፈር ረግፎ ሻሻቸው ላይ አርፏል።

«ያ ጽጌ» አሉኝ፣ ሳይገረሙ። «መጣሽ።»

እንዲወጡ ለመንኳቸው፤ ነገሩ እስኪጣራ ጎረቤት ቢቆዩ ይሻላል አልኩ። በመዳፋቸው ግድግዳውን መታ መታ አደረጉት።

«ከዚህ ወዲያ በኩል የእናትሽ ቦታ ነበር። ጀርባዋን ያማት ስለነበር እሷ ትደገፈው ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ በኩል እደገፈዋለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለታችንንም ችሎናል።» ከዚያ አይናቸውን ሰበር አድርገው አዩኝ። «ልጆቹ ግድግዳው ይቀራል ይሉኛል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ። ይቀራል ነው ወይስ ይቀራል?»

ፈገግ እያሉ ነበር የጠየቁኝ። እኔ አልሳቅሁም። ቃሉን አፌ ውስጥ ባዞረው ሁለቱም ሆነብኝ።

«አይነካም» አልኳቸው በመጨረሻ። በምን ሥልጣን እንዳልኩት አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አብዲ ሠራተኞቹን አስከትሎ መጣ። ጥቅሉን ፈታሁ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ወደ ፀሐይ ወደ ላይ አነሳነው። የተፋቀ ትሬሲንግ ይሳሳል፤ ብርሃን ከሌላው ቦታ ይልቅ በዚያ በኩል ያልፋል። ከ«ይቀራል» በፊት፣ የአንድ ቃል ርዝመት ያህል፣ ነጭ ሆኖ አበራ። ጠጋ ብሎ ላየ የ«ዳ» እግር ጥላ ሳይቀር ይታያል። አብዲ ጣቱን አስኪዶ ሻካራውን ዳሰሰው።

«ሰው ፍቆታል» አለ። «ግን ማን ፋቀው? አንቺም ምላጭ አለሽ።»

ይህን ሲል የቢሮው መኪና ከላይ ወረደች። መሳቢያዬ ባዶ መሆኑን አይቶ መሆን አለበት። በሩን ዘግቶ ወደ እኛ ሲመጣ ሠራተኞቹ ክብ ሠርተው ቆመው ነበር።

«ይህን ሰነድ ማን ፈቅዶልሽ ነው ያወጣሽው?» አለኝ። ወደ አብዲ ዞረና፣ «ለምንድነው ሥራ የቆመው?» አለ።

አብዲ ኮፍያውን አወለቀ። እዚህ ድረስ ቀልደኛ የነበረው ሰውዬ ድምፁ ተለወጠ፤ በጣም ትሑት ሆነ።

«ጋሼ ኢንጂነር፣ ችግር የለም፤ አሁኑኑ አወርደዋለሁ። እኔ ብቻ አማርኛው ተምታታብኝ። ‹ይቀራል› የሚለውን ይሰርዙና ‹ይፈርሳል› ብለው ይጻፉልኝ። ከሥሩ ይፈርሙ።» ቅጂውን መኪናዋ ላይ ዘረጋለት።

እሱ ወረቀቱን አየ። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶውን አወጣ፤ ክዳኑን ነቀለ። ጫፉ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። «ይቀራል» የሚለው በእኔ እጅ የተጻፈ ነው፤ «ይፈርሳል» ግን በእሱ እጅ ሊጻፍ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ደግሞ አለ። አይ ዘይነብ ከሰሌናቸው አልተነሱም። ተስቢሃቸውን አንድ በአንድ እየጣሉ ያዩታል።

ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

«ሰኞ እንነጋገራለን» አለ፤ ለማን እንዳለው ግልጽ አልነበረም። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

አብዲ ኮፍያውን አጠለቀና የራሱን እስክሪብቶ ሰጠኝ። «በይ አንቺ ጻፊው እንግዲህ፤ የሚገባኝ አድርገሽ።» ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቅጂው ላይ ጻፍኩ፦ «ይህ ግድግዳ እንዳለ ይቀራል። አይፈርስም። አይነካም።» ስሜን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሬ ፈረምኩ። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ስለጻፍኩት ጽሕፈቴ አላማረም።

«አቦ፣ ሦስቴ ጻፍሽው እኮ» አለ።

«አራተኛም ቦታ ካለ ስጠኝ» አልኩት።

በዚያው ከሰዓት በኋላ የወረዱትን ሁለት ድርድሮች መልሰው ገነቡ። በረንዳው ኋላ በጎን በኩል ተከፈተ፤ ከስብሰባ በኋላ ስብሰባ ተደርጎ «የተሻሻለ ንድፍ» ተባለ። ንድፉን የሳለው ሌላ ሰው ነው። እኔ ሰኞ ዕለት ሰነድ ያለፈቃድ በማውጣት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እድገቱ ተሰረዘ፤ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ከዚያ በኋላ ቀለምና ትሬሲንግ በእጄ አልገባም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፋይል ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ። አብዲ ሥራውን ጨርሶ ወደ ድሬ ተመለሰ። በምረቃው ቀን ኢንጂነሩን ጥልፍ ካባ አለበሱት።

አይ ዘይነብ እዚያችው ክፍል ብዙ ዓመት ኖሩ። ካፌ ለሚመጣው ሰው ኦቾሎኒ ይሸጡ ነበር፤ በራሳቸው አልጋ ላይ አረፉ። የአሮጌ ነገር ጥበቃ ወግ ሲመጣ ደግሞ ያ ግድግዳ ይወደድ ጀመር። ወጣቶቹ ከሁሉ በፊት የሚሻሙት ግድግዳውን ተደግፈው የሚቀመጡበትን ወንበር ነው፤ ቀን ቀን ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። እሱም በየስብሰባው ግድግዳውን ስላተረፈበት ብልሃት ይናገር ጀመር። መጀመሪያ ውሸት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳየው ራሱም አምኖታል።

አንባቢዎቼ፣ ያች ዓርብ ምን ለወጠችብሽ ብትሉኝ፣ ደግ አላደረገችኝም። ተጠራጣሪ አደረገችኝ። ለማንም ሰው አንዲት ቃል ብቻዋን ጽፌ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለሸማች ማኅበር እንኳን ስጽፍ ቅጂ አስቀራለሁ። እናንተም በእጃችሁ የጻፋችሁትን ከመስጠታችሁ በፊት በጣታችሁ ዳስሱት። ከሻከራችሁ ደግሞ በዚያው ሰዓት ተናገሩ፤ እኔ አንድ ቀን አዘግይቼ ሁለት ድርድር ድንጋይ ወርዷል። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ለሌላ ሰው አላሸክመውም። የቀረው የእሱ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። አንደኛው የንስሐ አባቱ ናቸው። መታመሙን ሰምቻለሁ፤ ከአልጋ አይነሳም ይባላል። ቁጭ አሉ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ። «አንድ ጊዜ ጽጌን አስቀይሜያታለሁ፤ ሳልሞት ይቅር ትበለኝ» ብሏል አሉኝ።

ምን እንዳደረገኝ ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቅሁ። ተያዩ። ዝርዝሩን እንዳልነገራቸው፣ የሥራ ግጭት ብቻ እንዳለ አስረዱኝ።

አባ መስቀላቸውን እጃቸው ላይ አገላበጡት።

«ይቀራል ብላለች በሏቸው» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ተመስገን አሉ፣ መረቁኝ፣ ጉልበቴን ስመው ሊነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። እነሱ የአብዲን «ይቀራል»፣ ተሰረዘ የሚለውን፣ ይዘው ሄዱ። የእኔ የትኛው እንደሆነ ከአልጋው ላይ ሆኖ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«እንዳለ» የምትለዋን ቃል አልጨመርኩባትም። ቦታ ጠቦ ነበር።